ለአሮጌው ዴል የትኛው ግራፊክስ ካርድ ይሻላል? መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን እንየው

ጥያቄው የመጣው ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ወንድሜ። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 አለኝ፤ ቆሞ የሚቀመጠው ትልቁ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-4570፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲ 730 ባለ 2 ጊጋ ነው። ጂቲኤ 5፣ ካውንተር ስትራይክ 2 እና ኢፉትቦል እጫወታለሁ። ይቆራረጣል፤ አንዳንዴማ ጭራሽ ሃንግ ያደርጋል። 25 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። አንድ ልጅ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋ በጥሩ ዋጋ ልስጥህ ብሎኛል። ልግዛው? ወይስ ኮምፒውተሩን ሸጬ ሌላ ልፈልግ? ሞኒተሬ ደግሞ ቪጂኤ ብቻ ነው ያለው፤ ከአዲስ ካርድ ጋር ይሠራል?»

አብሽር፣ ማሽንህ ገና አላለቀለትም። መልሱን ከፊት ላስቀምጥልህ። አርኤክስ 580ን አትግዛ። ኮምፒውተሩንም አሁን አትሽጠው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) ግዛ፣ ራሙን ጥንድ አድርገው፣ ከዚያ የራሱ የኃይል ገመድ የማይፈልግ ካርድ ፈልግ። ሌላው ሁሉ ይቆይ።

አርኤክስ 580 መጥፎ ካርድ ሆኖ አይደለም። ማሽንህ ስለማይሸከመው ነው። የጎን ሽፋኑን ክፈትና ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሣጥን) ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብ። ትልቁ 9020 ከፋብሪካ የሚወጣው 290 ዋት ይዞ ነው። አይ5-4570 ሥራ ሲበዛበት እስከ 84 ዋት ይወስዳል። አርኤክስ 580 ብቻውን 185 ዋት ነው። እዚያ ላይ ማዘርቦርዱን፣ ዲስኩን፣ ፋኖቹን፣ ዩኤስቢ ላይ የሰካኸውን ሁሉ ደምር። ጣሪያው ላይ ደረስክ ማለት ነው። ካርድ ደግሞ ጌሙ ሲከብደው ለቅጽበት ከተጻፈበት በላይ ይስባል። ባጃጅ ላይ የአይሱዙ ጭነት ጭኖ የሐረጎን አቀበት ለማስወጣት እንደ መሞከር ነው። ጨዋታ መሀል ድርግም ይልብሃል። ያ በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ ማዘርቦርዱም ዲስኩም ይጎዳሉ።

ሌላም ችግር አለ። 580 ብዙውን ጊዜ ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ ይፈልጋል። ያንተ ፓወር ሰፕላይ እንዲህ ያለ ገመድ የለውም። ሻጩ «ችግር የለም፣ መቀየሪያ አለው» ይልህ ይሆናል። ለዲስክ ኃይል የሚሰጠውን የሳታ ገመድ ወደ ባለ 8 የሚቀይር አጭር ሽቦ ነው። እባክህ እሱን አትንካው። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት በኩል እንዲሸከም የተሠራው 4.5 አምፔር ነው፤ 54 ዋት ማለት ነው። ካርዱ በዚያ በኩል ከ100 ዋት በላይ ሊጠይቅ ይችላል። መጀመሪያ ፕላስቲኩ ይሞቃል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ጥገና ቤት የሚውል ሰው ያንን ሽታ ከሩቅ ያውቀዋል።

«እንግዲያው ፓወር ሰፕላዩን ልቀይረዋ» ትል ይሆናል። ይቻላል፣ ግን ጣጣ አለው። ዴል እዚህ ላይ የራሱን መንገድ ነው የሄደው። የተለመደው ማዘርቦርድ ባለ 24 ፒን ዋና ገመድ ሲቀበል፣ የ9020 ማዘርቦርድ የሚቀበለው ባለ 8 ፒን ነው። ተራ ፓወር ሰፕላይ ገዝተህ ብትመጣ አይገባልህም። ከ24 ወደ 8 የሚቀይር ገመድ ያስፈልግሃል። ገመዱ አለ፣ ይሠራልም። ግን ለካርድ ያጠራቀምከው ብር ሳታስበው ወደ ፓወር ሰፕላይና ወደ ገመድ ሄደ ማለት ነው።

ደግሞ የገበያውን ፓወር ሰፕላይ በጭፍን አትመነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 500 ዋት ይላል። እሱን እለፈውና ጎኑ ላይ ያለውን ትንሿን ሠንጠረዥ ፈልግ። 12 ቮልት ከሚለው ሥር ስንት አምፔር ተጽፏል? 16 ከሆነ፣ 12 በ16 ሲባዛ 192 ዋት ነው። ካርድና ፕሮሰሰር የሚበሉት በዋናነት ከዚህ መስመር ነው። የቀረው ከ5 እና ከ3.3 ቮልት ተለቃቅሞ የተደመረ ቁጥር ነው፤ ለጌም ብዙም አይጠቅምህም። በእጅህ ስታነሳው በጣም ከቀለለህም እዚያው መልሰው። እውነቱን ለመናገር፣ ያንተው የዴል 290 ዋት ገበያ ላይ ካሉት ስም የለሽ «500 ዋቶች» ብዙዎቹን ያስንቃል። ባለበት ተወው።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አሮጌ ማሽን ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሌ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ይህን ዕቃ ነገ ነቅለህ ወደሚቀጥለው ኮምፒውተርህ ይዘኸው ትሄዳለህ? ወይስ ከዚህ ማዘርቦርድ ጋር አብሮ ይቀራል? ኤስኤስዲ ይሄዳል። ካርድ ይሄዳል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ) ይሄዳል። ዲዲአር3 ራም አይሄድም፤ ከዚህ በኋላ የምትገዛቸው ማሽኖች ዲዲአር4 ወይም ዲዲአር5 ናቸው። ያንተ ፕሮሰሰር የሚገባበት ሶኬትም ለአራተኛና ለአምስተኛ ጄኔሬሽን የኢንቴል ፕሮሰሰር ብቻ የነበረ ነው። አይ5-4570 እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የወጣው። ስለዚህ ብርህ የሚዋለው አብሮህ በሚሄደው ላይ ይሁን። እዚያው በሚቀረው ላይ እጅህን ሰብስብ።

የየዕቃውን ዋጋ ቁርጥ አድርጌ አልጽፍልህም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ዛሬ የምጽፍልህ ዋጋ በወሩ ያሳፍረኛል። በድርሻ ላስላልህ። ከ25 ሺው ግማሹ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ለካርዱ ይሁን። ከቀሪው አብዛኛው ለኤስኤስዲ። የተረፈው ለራም፣ ለቴርማል ፔስት (ፕሮሰሰሩ ላይ ለሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) እና ለሞኒተሩ መቀየሪያ። ካርዱ ከድርሻው ካለፈ ኤስኤስዲውን አሁን ገዝተህ ለካርዱ ሌላ ሁለት ወር አጠራቅም። ቅደም ተከተሉን ግን አትገልብጠው።

ለምን ኤስኤስዲ ቀደመ? አንተ ራስህ ነግረኸኛል። «ይቆራረጣል» አልክ፤ ቀጥለህ «ጭራሽ ሃንግ ያደርጋል» አልክ። እነዚህ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። መቆራረጡ ከካርዱ ይመስለኛል። ሃንግ ማድረጉ ግን ከዲስኩ ነው። የፈለግከውን ካርድ ብትገዛ ሁለተኛው እንዳለ ይቀራል።

ይህን በእኔ ግምት ብቻ አትቀበል፤ ራስህ አረጋግጥ። ጌሙን ክፈትና አሥር ደቂቃ ያህል ተጫወት። ሲያስቸግርህ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን። ታስክ ማኔጀር ይመጣልሃል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ክፈትና ግራፎቹን ተመልከት። ዲስክ 100 ላይ ተገትሮ ሌላው ሁሉ ዝቅ ካለ ጥፋተኛው ሃርድ ዲስኩ ነው። ሜሞሪ ከ90 በላይ ከሆነ ራም ጠቧል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ፤ ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስክ ስለሚያወርደው ዲስኩም አብሮ ይጨናነቃል። ጂፒዩ (ካርዱ) 95 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ) 50 ወይም 60 ላይ ከሆነ ካርዱ ደክሟል። ሲፒዩ 100 ሆኖ ጂፒዩ ሥራ ከፈታ ደግሞ ካርድ መግዛት ምንም አይፈይድልህም። ይህችን ፈተና ሳይሠሩ ካርድ ገዝተው «ኧረ ለውጥ የለውም» ብለው የሚመለሱ ልጆች ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ ኤስኤስዲው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና ወዲህ ወዲያ የሚል ጭንቅላት አለ። አንድ ትልቅ ፊልም በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ 100 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ጌም ግን እንደዚያ አያነብም። ጂቲኤ ውስጥ መኪና እየነዳህ ስትከንፍ፣ ጌሙ የሚቀጥለውን መንገድ፣ ሕንፃ፣ ሰውና ድምፅ ከየቦታው ይለቃቅማል። ጭንቅላቱ ሲራወጥ ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 1 ሜጋባይት አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ያኔ ነው መንገዱ ሳይሳል መኪናህ ባዶ ላይ የሚንሳፈፈው፤ ወይም ስክሪኑ ቀጥ የሚለው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። በሳታ ገመድ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያህል ይሰጥሃል፤ ትንንሽ ፋይል ሲያነብም እንደዚያ አይወድቅም። ኤፍፒኤስህን (በሰከንድ የሚታየውን የስዕል ብዛት) አይጨምርም። ይህን ሳታውቅ ገዝተህ እንዳትናደድብኝ። የሚያጠፋልህ ሃንጉን ነው፤ ኮምፒውተሩም ሲከፈት ያስደስትሃል።

9020 ላይ ለኤም.2 የሚሆን ቀዳዳ የለም። ስለዚህ ያቺን እንደ ማስቲካ የቀጠነችውን አትግዛ፤ ባለ 2.5 ኢንች የሳታውን ግዛ። መጠኑ ቢቻል 480 ወይም 512 ይሁን። ካውንተር ስትራይክ 2 ብቻውን 85 ጊጋ ቦታ ይጠይቃል። ጂቲኤም ቀላል አይደለም። 240 ከገዛህ ዊንዶውስና አንድ ጌም ገብተው ቦታው ያልቃል። ወደ ኬዙ ማሰሪያው ካልገጠመልህ አትጨነቅ፤ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው በአንድ ስፒል ብታስረውም፣ በሁለት ወገን በሚለጠፍ ማጣበቂያ ብትለጥፈውም ይሠራል። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አትጣለው፤ ለፊልምና ለፎቶ ይሁንልህ። መጀመሪያ ግን ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አስነሳና ጤናውን እይ። ቢጫ ካሳየህ ፎቶህን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጥ።

ዊንዶውሱን አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ከባዶ ጫነው እንጂ የድሮውን ቆሻሻ አትገልብጥበት። ጌሞቹን እንደገና ለማውረድ ዳታ አትጨርስ። የስቲም ጌሞች ስቲምአፕስ በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው ያሉት። ፎልደሩን እንዳለ ገልብጠህ አስቀምጥ፣ ስቲምን አዲስ ስትጭን መልሰህ ቦታው ላይ አድርገው፣ ከዚያ ፋይሎቹን እንዲያረጋግጥ እዘዘው። የጎደለችዋን ብቻ ያወርዳል። ጓደኛህ ጌሙ ካለውም ከእሱ በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጠህ በራስህ አካውንት እንዲሁ ማድረግ ትችላለህ።

ራሙ ላይ ብዙ አንቆይም። 8 ጊጋህ በአንድ እንጨት ነው ወይስ በሁለት? ታስክ ማኔጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ስትከፍት ስንት ቀዳዳ እንደተያዘ ይነግርሃል። በአንድ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ከራሙ ጋር የሚነጋገረው በግማሽ መንገድ ነው ማለት ነው። ያንኑ የሚመስል ባለ 8 ጨምርበት። ሁለት ባለ 4 ከሆኑ ሌላ ሁለት ባለ 4 ጨምር፤ ማዘርቦርዱ አራት ቀዳዳ አለው። ጥንዶቹን አንድ ዓይነት ቀለም መያዣ ያላቸው ቀዳዳዎች ላይ ሰካ። 16 ጊጋ ይበቃሃል። ስትገዛ ተለጣፊው ላይ ፒሲ3-12800 የሚል ፈልግ። በጣም ርካሽ ሆኖ ካገኘኸው ግን ኢሲሲ ወይም ሬጅስተርድ የሚል እንዳለው ተመልከት። ያ የሰርቨር ራም ነው፤ ያንተ ማሽን አይደግፈውም። አጭሩ ደግሞ የላፕቶፕ ነው።

ካርዱ ጋ ደርሰናል። መጀመሪያ አሁን ያለህ ጂቲ 730 ለምን እንደደከመ ልንገርህ፤ የሚቀጥለውን ስትገዛ ይጠቅምሃል። ገበያ ላይ ስለ ካርድ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ጊጋ ነው?» የሚል ነው። ጊጋው ግን የመጋዘኑ ስፋት እንጂ የካርዱ ጉልበት አይደለም። ጂቲ 730 በተለያየ ዓይነት ነው የወጣው። ደካማው ዲዲአር3 ሜሞሪ ያለው ባለ 64 ቢት ነው፤ በሰከንድ የሚያመላልሰው 14.4 ጊጋባይት ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 112፣ ጂቲኤክስ 1650 ደግሞ ቢያንስ 128 ያመላልሳል። ባለ 2 ጊጋው 730 ባለ 4 ጊጋ ቢሆንልህ ኖሮ አንድም ነገር አይለወጥም ነበር።

ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ረጅሙ የካርድ ቀዳዳ ራሱ እስከ 75 ዋት ድረስ ለካርድ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ከ75 ዋት የማያልፍ፣ የራሱ ገመድ የሌለው ካርድ ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ባለ 4 ጊጋ አንዱ ነው፤ 75 ዋት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሲሆን አሁንም ለአንተ ሦስት ጌሞች ይበቃል። ግን ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ ትውልድ አዳዲስ የጌም ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ማውጣት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣለት የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። ርካሽ ካገኘህ ብቻ ውሰደው።

የእኔ ምርጫ ጂቲኤክስ 1650 ነው። 75 ዋት ነው፤ ከ1050 ቲአይ በግልጽ ይፈጥናል፤ ድራይቨሩም አልተቋረጠም። እዚህ ላይ ግን ዓይንህን ክፈት። 1650ን ብዙ አምራቾች ናቸው የሠሩት፤ ግማሾቹ ባለ 6 ፒን ገመድ የሚፈልግ አድርገው ነው ያወጡት። ስሙ አንድ ነው፣ ካርዱ ሌላ ነው። ሻጩን የካርዱን የላይኛውን ጠርዝ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልህ ጠይቀው። ከኋላው ጫፍ አካባቢ ስድስት ቀዳዳ ያለው ጥቁር መሰኪያ ካየህ እሱን እለፈው። ንጹህ ጠርዝ ከሆነ ያንተ ነው። ባለ አንድ ፋን አጭሩን ፈልግ፤ ኬዝህ ውስጥ ረጅም ካርድ ከሃርድ ዲስኩ ማስቀመጫ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ሜትር ይዘህ ለካው።

ብሩ ከፈቀደ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው አለ። ልብ በል፣ ባለ 8ው አይደለም። ባለ 6ው 70 ዋት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የወጣ ነው፤ በብዛት ገመድ አይፈልግም። ለአንተ ፕሮሰሰር ትንሽ ይበዛበታል፤ ግን ወደሚቀጥለው ማሽን ይዘኸው ስትሄድ ያኔ ይታይሃል። አርኤክስ 6400 የሚባል ካርድም ያቀርቡልህ ይሆናል። 53 ዋት ብቻ ስለሆነ ያጓጓል። ችግሩ ከማዘርቦርዱ ጋር በአራት መስመር ብቻ ነው የሚነጋገረው፤ ያንተ ማሽን ባለው የድሮ ፍጥነት ላይ ደግሞ ያ ይጎዳዋል። ለአዲስ ማሽን ይሁን፣ ለአንተ አይሆንም።

ስለ ሐሰተኛ ካርድ ሳልነግርህ አላልፍም። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብለው የሚሸጡ፣ ውስጣቸው ግን የእ.ኤ.አ. 2010 እና 2011 ካርድ የሆኑ አሉ። ስማቸው በሶፍትዌር ተቀይሮ ዊንዶውስ ራሱ «1050 ቲአይ» ብሎ ያሳይሃል። ጂፒዩ-ዜድ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈት፤ ሐሰተኛ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከስሙ ፊት ሐሰተኛ ብሎ ይጽፍበታል። ከኋላው የቪጂኤ መሰኪያ ካለውም ጠርጥር፤ ከ1050 ቲአይ ትውልድ ጀምሮ ኤንቪዲያ ያንን ዓይነት ምልክት ከቺፑ ላይ አውጥቶታል። አርኤክስ 580ም ብትል 2048ኤስፒ የሚባል ዓይነት አለው፤ በጉልበቱ 570 ነው። ደግሞ ብዙዎቹ 580ዎች ከክሪፕቶ ማዕድን የተረፉ ናቸው። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 በካርድ መቆፈሩ ሲያበቃ ነው ገበያው ላይ የፈሰሱት። ቀን ከሌት ሲሠሩ የከረሙ ናቸው። ሁሉም ተበላሽተዋል አልልህም፤ ግን ሳይፈተሽ አይገዛም።

ፍተሻው ቀላል ነው። ፈርማርክን (ካርድ የሚያስጨንቅ የመፈተኛ ፕሮግራም) ወይም ከባድ ጌም ከፍተህ ግማሽ ሰዓት ያህል አስሠራው። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ፣ መስመር ወይም የተሰባበረ ቀለም ካየህ ተወው። ሙቀቱን ተከታተል፤ ከ85 ዲግሪ ካለፈ ፋኑ ወይም ፔስቱ አልቋል። ፋኑ እየተንኳኳ የሚዞር ከሆነም ዋጋ አስቀንስ። ዕቃው ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የሚመጣ ከሆነ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ካርዱ በአውቶቡስ ከተጫነ በኋላ መመለሱ ፈተና ነው። እዚያ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ሄዶ ሲሠራ ይየው። ሰው ከሌለህ ካርዱ ጌም ሲያጫውት፣ ጂፒዩ-ዜድ ተከፍቶ፣ ያንተ ስም በወረቀት ተጽፎ አጠገቡ ሆኖ በቪዲዮ እንዲልክልህ ጠይቅ። ሙሉ ክፍያ በቴሌብር ቀድመህ አትላክ። ቀብድ ሰጥተህ ቀሪውን ዕቃው ሲደርስ እከፍላለሁ ስትለው የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠመህ፣ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

ፕሮሰሰሩን አሁን አትንካው። የማዘርቦርድህ ጣሪያ አይ7-4770 እና 4790 ናቸው። ኮሮቹ ያው አራት ናቸው፤ ግን በአንድ ጊዜ ስምንት ሥራ ይይዛሉ፤ ያንተው አራት ነው የሚይዘው። ካውንተር ስትራይክ 2 ፕሮሰሰር የሚወድ ጌም ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ይሰማሃል። ሆኖም ይህ አብሮህ የማይሄድ ዕቃ ነው። ካርዱን ከቀየርክ በኋላ ያቺን የታስክ ማኔጀር ፈተና ድገማት። ሲፒዩ 100 ላይ ከተጣበቀና ርካሽ 4790 እጅህ ከገባ ያኔ አስብበት። 4790 ከማስገባትህ በፊት ባዮሱን (ማዘርቦርዱ ውስጥ ያለውን የማስነሻ ፕሮግራም) ወደ መጨረሻው ማደስ አለብህ። ባዮስ እየታደሰ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል። ያለ ዩፒኤስ አትሞክረው።

ዩፒኤስ ካነሳን አይቀር፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀል፤ ሲመጣም ትንሽ ቆይተህ ሰካ። ይህ በነፃ ነው። ሲተርፍህ 650 ቪኤ የሆነ ዩፒኤስ ግዛ። ጌም የምትጨርስበት ሳይሆን ሴቭ አድርገህ በሰላም የምታጠፋበት ጥቂት ደቂቃ ይሰጥሃል። ያገለገለ ከሆነ ባትሪውን ቀይርለት፤ ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ ውድ ዲቫይደር ነው።

ዕቃ ከመግዛትህ በፊት በሳንቲም የሚሠራ አንድ ሥራ አለ፤ ጽዳት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር በመግፋት ስለሆነ፣ አንዷ ዙር የምትገፋው አየር ያንሳል። የደሴ ብርድ ይካካስልሃል እንጂ ፋንህ ከፋብሪካው ስሌት በላይ እየደከመ ነው። ኮምቦልቻ ወረድ ብትልም ሙቀት አላት፤ እዚያም ያው ነው። በዚህ ላይ የዓመታት አቧራ ሲጨመር ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንተ ደግሞ «ጌሙ ከበደው» ትላለህ። የፕሮሰሰሩን ፋን ፍታ፣ በብሎወር አቧራውን አስወጣ፤ ስትነፋ ፋኑን በጣትህ ያዘው፤ በኃይል ከዞረ ይጎዳል። የደረቀውን ፔስት በአልኮል ጥረግና የአተር ፍሬ የምታክል አዲስ ፔስት አድርግ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ያልተነካ ማሽን ላይ ይህች ብቻ ሙቀቱን በደንብ ታወርዳለች።

አሁን ስለ መሸጡ። የአራተኛ ጄኔሬሽን ማሽን ጣሪያ አለው፤ ልደብቅህ አልፈልግም። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍልም ይፈልጋል። ያንተ የለውም። በጓሮ በር መጫን ይቻላል፤ ግን እንደ ባትልፊልድ 6 ያሉ አዳዲስ የኦንላይን ጌሞች ራሳቸው ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያጣራ መከላከያ) ካላገኙ አይከፈቱም። ምንም ካርድ ብትገዛ ያ በር ለዚህ ማሽን ዝግ ነው። ያንተ ሦስት ጌሞች ግን ይህን አይጠይቁም። ስለዚህ አሁን አትሽጠው። ከዓመት በኋላ ብር ሲተርፍህ ስምንተኛ ጄኔሬሽን አይ5-8500 ያለው፣ ቆሞ የሚቀመጥ ያገለገለ የቢሮ ማሽን ፈልግ። ስድስት ኮር አለው። ያኔ ካርድህንና ኤስኤስዲህን ከዚህኛው ነቅለህ እዚያ ትሰካለህ። 9020ውን ድሮ በነበረው ሃርድ ዲስክና ራም ለተማሪ ትሸጠዋለህ።

የመጨረሻው ሞኒተርህ ነው። አዎ፣ ይሠራል። 1650 እና 3050 ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይፖርት ነው ያላቸው፤ ቪጂኤ የላቸውም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረውን፣ ውስጡ ቺፕ ያለውን ግዛ። ሁለቱን ጫፍ በሽቦ ብቻ ያገናኘው ገመድ ስዕል አይሰጥህም። ሞኒተርህ 1600 በ900 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አትከፋ፤ ካርዱ የሚስለው ነጥብ ስለሚያንስ ጌሙ ይቀልለዋል። ፍሬሙን 60 ላይ ገድበው፣ ጥላና ነጸብራቅ ቀንስ፣ ቴክስቸሩን ግን 4 ጊጋ እስከፈቀደ ድረስ ከፍ አድርገው። ደግሞ ገመዱን ከካርዱ ላይ ሰካው። ከማዘርቦርዱ ኋላ ያለው የድሮው የቪጂኤ ቀዳዳ ላይ ከሰካኸው ወይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ወይ በኢንቴሉ ግራፊክስ እየተጫወትክ አዲሱ ካርድህ ቁጭ ብሎ ያይሃል።